ምጣዱን አትውቀሱት፣ ቮልቴጁን አስለኩ

«ግድቡ ተመረቀ፣ መብራቱ ግን እንጀራ አያስጋግርም» የሚለውን ጽሑፍ እየተቀባበላችሁ ነው። ሌላው ደግሞ «እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዋን ዘጋች፣ እኛስ መቼ ነው?» ይላል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሞጣና ቢቸና ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው የምሠራው። ዛሬ አንዲት እናት ደህናውን ምጣዳቸውን ሊሸጡ ሲያወጡ ስላገኘሁ ነው የምጽፈው።

1. እኛ የምንዘጋው የከሰል ማመንጫ የለንም። እንግሊዝ የመጨረሻውን፣ ራትክሊፍን፣ የዘጋችው እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ነው። የእኛ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው፤ ከቀሪው አብዛኛው እንደ አዳማና አሸጎዳ ካሉ የነፋስ ማመንጫዎች። የድንጋይ ከሰል የሚነደው ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጭሱ ያለው ማጀታችን ውስጥ ነው፦ ባሕር ዛፍ፣ ኩበት፣ የእንጨት ከሰል።

2. ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ተርባይኑ ሁሉ ቢዞር ግን የሠፈራችሁ ትራንስፎርመር አይሰፋም።

3. ዋናው ይሄ ነው። 4,000 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 18 አምፔር ገደማ ይስባል። ቮልቴጁ 180 ሲገባ ኃይሉ በካሬ ስለሚወርድ 2,700 ዋት ገደማ ብቻ ይቀራል። ሲሶው ሙቀት ጠፋ ማለት ነው! እንጀራው ዓይን አላወጣም፣ ተጣበቀ ትላላችሁ። ምጣዱ ምን ያድርግ?

ስታቢላይዘር ግዙ የሚሏችሁን አትስሙ። ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው ከመስመሩ ተጨማሪ አምፔር ስቦ ነው፤ የእናንተ ሲስተካከል የጎረቤት ይብሱን ይወርዳል። ለመብራት በተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ምጣድ መሰካትማ ቤት ማቃጠል ነው፤ የቀለጠ ሶኬት ማየት ሰልችቶኛል።

የሠፈሩ መስመር ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ሦስት ኃይል ተሸካሚ ሽቦ፣ አለው። ቤቱ ሁሉ በአንዱ ላይ ከተጫነ፣ ሁሉም ምጣድ በሚጥድበት ጠዋት የዚያ ፌዝ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ሁለቱ ያለ ጭነት ይቀመጣሉ። ይህን ማመጣጠን አዲስ ትራንስፎርመር አይጠይቅም። ባለሙያ ወጥቶ እንዲለካና ቤቶቹን እንዲያዛውር ብቻ ነው የሚጠይቀው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ ፕሮግራም በ2025 ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ አደርሳለሁ ብሎ ነበር፤ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከሶላርና ከመሳሰለው። 2025 አለፈ። መስመር ደረሰ ተብሎ ሪባን ይቆረጣል፤ ጠዋት ምጣድ ሲጣድ ስንት ቮልት እንደሚደርስ የሚጠይቅ ኃላፊ ግን አላየሁም። በማኛ ጤፍ አገር እናቶች ዛሬም በጭስ ዓይናቸው ይጠፋል፤ ያናድዳል!

ምጣድ በተጣደበት ሰዓት ቮልቴጁን አስለኩ። ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ፣ ከአንድ ትራንስፎርመር የምትጠቀሙ ጎረቤቶች በአንድ ወረቀት ፈርማችሁ አመልክቱ፤ «የፌዝ ጭነት ይመጣጠንልን» በሉ። ሞጣና ቢቸና ያላችሁ፣ መለኪያ ካጣችሁ ጻፉልኝ፤ መጥቼ እለካለሁ፣ አላስከፍልም።