የፕላስቲክ ዝርግ ማጠፊያ በትምህርት ቤት ወርክሾፕ ስለ መሥራት

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ባኮ በበቆሎ ምርምር ማዕከሏ የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው «ቢ.ኤች. 660» የተሰኘው ዲቃላ በቆሎ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ያገኘው ከዚህችው ከተማ ነው። ሆኖም የበቆሎን ሥር ማስተማር በዚያም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ተክሉ ሲነቀል ጥቃቅኖቹ ሥሮች ተበጥሰው በአፈሩ ውስጥ ይቀራሉ፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሣለው ሥዕልም እድገትን አያሳይም። መፍትሔው ሥሩ ሲያድግ የሚታይበት ብርሃን አስተላላፊ ሣጥን ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየአውራጃው ተቋቁመው የነበሩት የፔዳጎጂ ማዕከላትም ይህን የመሰለ መርጃ መሣሪያ ከአካባቢ ቁሳቁስ መሥራትን ተግባራቸው አድርገው ነበር።

ለሣጥኑ ተስማሚ የሆነው አክሪሊክ ነው። ይህ ፕላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1933 በጀርመን አገር «ፕሌክሲግላስ» በሚል ስም ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ቁርጥራጩን ዛሬ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሠሪዎች ማግኘት ይቻላል። እስከ 150 ወይም 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ እንደ ቆዳ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይጠነክራል። የሚፈለገው ግን ዝርጉ በሙሉ ሳይሆን የሚታጠፍበት መስመር ብቻ እንዲሞቅ ነው። የመሣሪያው ምሥጢር ይኸው ነው።

በጣውላ ላይ ሁለት የወለል ሴራሚክ ቁራጮች በመካከላቸው 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ ይጣበቃሉ። የቀድሞ መመሪያዎች በዚህ ቦታ አስቤስቶስ እንዲነጠፍ ያዝዙ ነበር፤ ብናኙ የሳንባ ካንሰር እንደሚያስከትል ስለ ተረጋገጠ ፈጽሞ ሊነካ አይገባም። በክፍተቱ ውስጥ፣ ከሴራሚኩ ገጽ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረትና 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የኒክሮም ሽቦ ይወጠራል። ሽቦው ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሬዚስታንስ ተፍታትቶ ሊገኝ ይችላል። ሲግል ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚረዝም አንደኛው ጫፉ በስፕሪንግ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ረግቦ ጣውላውን ያቃጥላል። የኤሌክትሪኩ መስመር ከስፕሪንጉ በፊት ይታሰራል።

ይህ ሽቦ 3.4 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ወይም ትራንስፎርመር 3.5 አምፔር ይስባል፤ 42 ዋት ሙቀትም ይሰጣል። ሽቦው ካጠረ ኤሌክትሪኩ ስለሚጨምር ርዝመቱ አይቀነስም፤ በመስመሩም ላይ ፊውዝ ይገባል። ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር በቀጥታ ማገናኘት ግን ሽቦውን ከመበጠስ አልፎ ሕይወት ያጠፋል። ለተማሪዎች አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው ይህ ነው።

3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዝርግ መሸፈኛ ወረቀቱ ተልጦ በክፍተቱ ላይ ይጋደማል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ ክብደት መጉበጥ ሲጀምር ይነሣና ለሽቦው የቀረበው ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ ይታጠፋል፤ በእንጨት ማዕዘን ላይ ተደግፎም እስኪቀዘቅዝ ይያዛል። አስገድዶ ማጠፍ ስንጥቅ ያመጣል። በመስመሩ ላይ አረፋ ከታየ ሙቀቱ በዝቷል፣ ወይም ፕላስቲኩ እርጥበት ስቧል፤ የኋለኛው በባኮ ክረምት የሚጠበቅ ነው። ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ በ80 ዲግሪ አካባቢ የሚለሰልስ ሲሆን፣ ከተቃጠለ መርዛማ የአሲድ ጋዝ ስለሚያወጣ በዚህ መሣሪያ ላይ ባይሞከር ይመረጣል። ለአክሪሊክም ቢሆን መስኮቶች ይከፈታሉ።

ለሥር ሣጥኑ 65 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዝርግ ከሁለቱም ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወለልም ይገኛል። ውኃ የሚያፈስ የሙጫ መገጣጠሚያ ከታች ስለማይኖር ከተጣበቀ ሣጥን ይሻላል። ጎኖቹ በእንጨት ይዘጋሉ፤ ለትርፍ ውኃ መውጫም ጥቂት ቀዳዳ ይተዋል። አፈር ተሞልቶ በቆሎው በፊተኛው ገጽ አጠገብ ከተዘራ በኋላ፣ ሥሩ ቁልቁል ሲወርድ ገጹን ተከትሎ እንዲያድግ ሣጥኑ ወደ ፊት 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ተደርጎ ይደገፋል። ብርሃን እንዳያገኘው በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል፤ ጨርቁም በትምህርት ሰዓት ብቻ ተገልጦ የሥሩ ጫፍ የደረሰበት ቦታ በየቀኑ በሰም ቀለም ምልክት ይደረግበታል።