ሥዕል ለመሣል የተሠራው ማስሊያ ወደ ሒሳብ እንደ ተመለሰ

በኮምፒዩተር መስተዋት ላይ የሚታየው ሥዕል ከጥቃቅን ነጥቦች የተሰበሰበ ነው። ወርዱ 1920፥ ቁመቱ 1080 ነጥብ የሆነ መስተዋት 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ እንደ ሆነ የያንዳንዱ ነጥብ ቀለም ባንድ ሴኮንድ ውስጥ 60 ጊዜ ያህል ይታሰባል። ይህ ሥራ ለዋናው ማስሊያ ስለ ከበደ ግራፊክስ ፕሮሰሰር የሚባል ሁለተኛ ማስሊያ ተበጀለት።

የሁለቱ ጠባይ ልዩ ልዩ ነው። ዋናው ማስሊያ እጁ እጅግ የፈጠነ ጸሓፊን ይመስላል፤ ሁለተኛው ግን እያንዳንዳቸው ዝግ ያሉ ብዙ ተማሮች ባንድ ትእዛዝ አብረው የሚሠሩበትን ክፍል ይመስላል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2006 ዓመት ኤንቪዲያ ያወጣው ጂፎርስ 8800 ጂቲኤክስ እንዲህ ያሉ 128 ሠራተኞች ነበሩት። መምህር ለ128 ተማሮች ለየራሳቸው አንዳንድ የማባዛት ሒሳብ ቢሰጥ ሁሉም ባንድነት ይጨርሳሉ። በየዓመቱ በወለድ ላይ ወለድ የሚታሰብበትን ዕዳ ቢሰጣቸው ግን፥ የሁለተኛው ዓመት ሒሳብ የፊተኛውን መልስ የሚጠብቅ ነውና አንዱ ሲሠራ 127ቱ ተቀምጠው ያያሉ።

ይህን ኃይል ለሌላ ሥራ ማዋል ቀድሞ አስቸጋሪ ነበረ። ማስሊያው ከሥዕል በቀር የሚያውቀው ትእዛዝ ስላልነበረ፥ ሊቁ ቍጥሮቹን ቀለም አልብሶ እንደ ሥዕል ያስገባ ነበር፤ አራት ማዕዘን ሣል ብሎ ያዝዛል፤ ከተሣለውም ላይ ቀለሙን መልሶ ቍጥር አድርጎ ያነባል። ስለ አየር ጠባይ ወይም ስለ ከዋክብት የሚመረምር ሰው የሠዓሊን ጥበብ ካልተማረ በሩ ተዘግቶበት ነበር፤ ይህም ለዕውቀት ትልቅ ጕዳት ነው።

በ2007 ዓመት ኩዳ የተባለው ዘዴ ሲወጣ በሲ ቋንቋ በቀጥታ ማዘዝ ተቻለ። ኋላም ለሰው አነጋገር ይልቅ የቀረበው ፓይተን ተከተለ፤ ዛሬ በኩፓይ ወይም በፓይቶርች የሚሠራ ሰው ሁለት ሰፋፊ የቍጥር ሰንጠረዦችን ለማባዛት አንድ መስመር መጻፍ ይበቃዋል። ያንን መስመር ለብዙ ሠራተኞች የሚያከፋፍለው ባለሞያዎች አስቀድመው ያዘጋጁት ፕሮግራም ነው።

ነገር ግን ቋንቋው ድካሙን ቢሰውር መንገዱን አያሳጥርም። ከዚህ በላይ የተነገረው 8800 ጂቲኤክስ የራሱን ማኅደር በሴኮንድ እስከ 86.4 ጊጋባይት ያነብ ነበር፤ ከዋናው ማስሊያ ጋር የሚያገናኘው መስመር ግን ወደ አንድ ወገን ቢበዛ 4 ጊጋባይት ብቻ ያሳልፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ቢፈጥኑ ልዩነቱ አልጠፋም። ጀማሪ በየመስመሩ ቍጥሮቹን ቢያመላልስ ስሕተት ነው ብሎ የሚነግረው የለም፤ መልሱ ትክክል ሆኖ ይወጣል፥ ሥራው ግን ዋናው ማስሊያ ብቻውን ከሚሠራው ይልቅ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የለመዱት ሰዎች ቍጥሮቹን አንድ ጊዜ አስገብተው ሥራውን ሁሉ በዚያው ያስጨርሳሉ፤ የኋለኛውንም መልስ ብቻ ያወጣሉ።