የሁለት ደቂቃው ሕግ

ለመሆኑ ባልና ሚስት በአንድ መንገድ እየተጓዙ ሊለያዩ ይችላሉን? አዎ፣ ይችላሉ። ሁለቱም ወደ አንድ ስፍራ እያቀኑ፣ ሁለቱም እየደከሙ፣ አንዱ ግን የኮረብታው ጫፍ ላይ ደርሶ ሌላው ገና ከግርጌው ሊሆን ይችላል። ይህን በሚገባ የሚያሳይ አንድ የተራራ ብስክሌት ውድድር በደቡብ አፍሪካ አለ።

ውድድሩ ኬፕ ኤፒክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ሲሆን፣ በምዕራብ ኬፕ ክፍለ ሀገር በወይን እርሻዎችና በድንጋያማ ኮረብታዎች መካከል ስምንት ቀን ይወስዳል። መንገዱ በየዓመቱ ቢለያይም ርቀቱ ወደ 600 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ነው። ዳገቱ ሁሉ ሲደመር ደግሞ ወደ 15,000 ሜትር ሽቅብ ይሆናል። ይህም ከባሕር ወለል ተነሥቶ ራስ ደጀንን ሦስት ጊዜ ከመውጣት ይበልጣል።

ተወዳዳሪዎቹ የሚመዘገቡት ሁለት ሁለት ሆነው ነው። ሁለት ወንዶች፣ ሁለት ሴቶች፣ ወይም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ባለትዳሮችም አሉባቸው። ዋናው ሕግ በሁለቱ መካከል ከሁለት ደቂቃ በላይ ልዩነት እንዳይኖር ያዛል። ተራርቀው የተገኙ ይቀጣሉ። የቡድኑ ሰዓት የሚያዘውም ሁለተኛው ሰው መጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ብቻን ቀድሞ መድረስ ምንም አይጠቅምም። ስዊዘርላንዳዊው ክሪስቶፍ ሳውዘር ይህን ውድድር አምስት ጊዜ አሸንፏል፤ አንዱንም ግን ብቻውን አላሸነፈም።

ከላይ ሆኖ መጠበቅ

በቡድን ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች አንድ የተለመደ ችግር አለባቸው። ጠንካራው ቀድሞ ጫፉ ላይ ይደርስና ውኃውን እየጠጣ ያርፋል። ደካማው እያለከለከ ሲደርስ፣ “መጣህ? በል እንሂድ!” ብሎ ይነሣል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ማረፍ የማያስፈልገው ዐረፈ፣ የደከመው ግን ሳያርፍ ጉዞውን ቀጠለ። በሚቀጥለው ዳገት ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ጠንካራው ግን፣ “እኔ እኮ ሁልጊዜ እጠብቃለሁ” ይላል።

በትዳርስ? አንዱ በትምህርት፣ በሥራ ወይም በአገልግሎት ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ሕፃናትን ወይም ሕመምን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። ጠንካራዋ ሚስት፣ የደከመው ባል ሊሆንም ይችላል። መጠበቅ መልካም ነው፤ ዕረፍቱ መቆጠር ያለበት ግን ኋለኛው ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ማን ይቅደም?

መልሱ እንደ መንገዱ ነው። በሜዳ ላይ ፊት ያለው ነፋሱን ስለሚከላከል፣ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ጉልበቱ ይቆጠብለታል፤ በዚያ ጠንካራው ይቅደም። በዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ይህ ጥቅም አይኖርም። እዚያ ደካማው ፊት ሆኖ በራሱ አቅም ይንዳ፤ ጠንካራው ከኋላ ይከተል። በኬፕ ኤፒክ አንዳንዱ እጁን በጓደኛው ጀርባ ላይ አድርጎ ሲገፋው ይታያል።

ማርሽም ቢሆን የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር ነው። በዳገቱ መካከል በሙሉ ኃይል ፔዳሉን እየረገጡ ቢቀይሩት ካቴናው ይጨናነቃል፣ ሊበጠስም ይችላል። የቤት ኪራይ ሊጨምር፣ ልጅ ሊወለድ ወይም አረጋዊት እናት ወደ ቤት ሊመጡ እንደሆነ ካወቅን፣ ማን ምን እንደሚሸከም የምንነጋገረው ጭቅጭቁ ከተነሣ በኋላ ሳይሆን አስቀድመን ነው።

ቁልቁለቱ

ብዙ ሰው የሚወድቀው በቁልቁለት ነው። ጥሩ ነጂ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ክብደቱን ወደ ኋላ ያደርጋል፣ ሁለቱንም ፍሬን ለስለስ አድርጎ ይይዛል፣ ዓይኑንም ወደ ፊት ያሻግራል። ከፊቱ ካለው ሰው ጋርም በቂ ርቀት ይጠብቃል፤ አለበለዚያ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ይወድቅበታል። ስለዚህ አብሮ መሆን ማለት መጣበቅ አይደለም። ሁለት ደቂቃ ትንፋሽ ለመውሰድ ይበቃል፤ የትዳር ጓደኛን ለመርሳት ግን አይበቃም። ፊት ያለው ጉድጓድ ሲያይ “ጉድጓድ!” ብሎ ይጮኻል። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ ቁጣ አይደለም፤ ኋለኛውም እንደ ቁጣ አይቀበለውም።

ውድ ባለትዳሮች፣ ብስክሌት ባይኖራችሁም እንኳ ከከተማ ወጣ ብላችሁ አንድ ኮረብታ በእግራችሁ ውጡ። ቀርፋፋው ይቅደም። ጫፉ ላይ ስትደርሱ አስቀድሞ የደከመው ውኃ ይጠጣ። ከዚያም ቁጭ ብላችሁ አንዳችሁ ሌላውን፣ “በዚህ ዓመት ከኋላ የተውሁህ የት ላይ ነው?”፣ “ከኋላ የተውሁሽስ?” ብላችሁ ተጠያየቁ። መልሱ ተነግሮ እስኪያበቃ ድረስ ለመሄድ አትነሡ።