እውነት ወይስ ተረት? የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የጎንደር ውሃ

«ከፊት የሚከፈተውን ግዛ፤ ከላይ የሚከፈተው ውሃ ይጨርሳል፤ በባልዲ የሚሞላው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል።» ጎንደር አራዳ ላይ ማሽን ሊገዛ የወጣ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይመለስም። እውነትና ተረት የተቀላቀለበት ምክር ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ያከስራል።

እውነቱን እናስቀድም። ከፊት የሚከፈተው ማሽን ልብሱን እያነሳ ስለሚጥለው ለአንድ ዙር 50 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ተኩል ይበቃዋል። አሜሪካውያን ለረጅም ጊዜ የለመዱት፣ ከላይ የሚከፈትና መሐሉ ላይ የሚያማስል ምሰሶ ያለው የድሮ ማሽን ግን እስከ 150 ሊትር ይጠጣ ነበር። ሆኖም ጃፓኖችም ከላይ የሚከፈተውን ይወዳሉ፤ ብዙ ቤቶች ቤተሰቡ የታጠበበትን የገንዳ ውሃ በቱቦ ስበው ለልብስ ያውሉታል። የበሩ አቅጣጫ ብቻውን ውሃ አይቆጥብም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎንደር። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ማሽኑ የሚጠጣው ከሮቶ ነው። ብዙ የአምራች መመሪያዎች ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይጠይቃሉ፤ ይህም ውሃው ከማሽኑ መግቢያ 5 ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ይፈልጋል። ሮቶው 3 ሜትር ላይ ከተቀመጠ ግፊቱ 0.3 ባር ብቻ ነው። ማሽኑ ሲጠብቅ ይቆይና ልብሱን በሳሙና እንደነከረ፣ በሩን እንደቆለፈ ሊቆም ይችላል።

በባልዲ የሚሞላው ባለሁለት ጎድጓዳ ማሽን ይህ ችግር የለበትም። ባለሙያዋ እናት መጀመሪያ ነጠላውንና አንሶላውን ታስገባለች፤ በዚያው የሳሙና ውሃ ባለቀለሙን፣ በመጨረሻም ጥቁር ሱሪውንና ካልሲውን ታጥባለች። የማለቅለቂያው ውሃ ለቀጣዩ ዝፍዝፍ ወይም ለመጸዳጃ ቤት ይቀመጣል። ህንድ ውስጥም ይህ ማሽን እስካሁን ብዙ ገዢ አለው፤ አንዱ ምክንያት ያው የውሃ መቆራረጥ ነው። ይህንን ኋላ ቀርነት ማለት ትልቅ በደል ነው።

«በእጅ ማጠብ ሁልጊዜ ይቆጥባል» የሚለውም ተረት ነው። አንዴ ዘፍዝፎ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ በ20 ሊትር ሳፋ 80 ሊትር ይፈጃል፤ ያውም ማሽኑ ከሚይዘው ላነሰ ልብስ። የተከፈተ ቧንቧ ሥር ማለቅለቅማ አይነሳ።

«አረፋው ሲበዛ ልብሱ ይጠራል»? አይደለም። ለእጅ የተሠራ ኦሞ ከፊት በሚከፈት ማሽን ውስጥ ሲበዛ አረፋው ልብሱ ሲወድቅ ያለውን ምት ያበርደዋል፤ ለማጥራትም ተጨማሪ ውሃ ይጠይቃል። እንዶድ የሚጠቀሙ ደግሞ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አይድፉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያዩት በከንቱ አልነበረም፤ እጣቢው የቢልሃርዚያ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል።

ለጥምቀት ነጭ በነጭ ለመልበስ ሙቅ ውሃ ግድ ነው የሚሉም አሉ። አብዛኛው የማሽኑ መብራት የሚያልቀው ውሃ በማሞቅ ነው፤ ማሞቂያው 2,000 ዋት ገደማ ይስባል። ከእንጀራ ምጣድ ጋር አብሮ ከተከፈተ ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል። በደንብ ለተዘፈዘፈ ልብስ ቀዝቃዛ ውሃና የጎንደር ፀሐይ ይበቃሉ፤ ባለጥለቱ ቀሚስም ቀለሙን ያን ያህል አይለቅም።

ከፊት የሚከፈተውን የገዛችሁ፣ የማስወጫ ቱቦውን ወደ ፍሳሽ አትልቀቁት። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ከፍታው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ መመሪያዎች ከሚጠይቁት ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር መካከል ይገባል። የቱቦው ጫፍ ግን የተጠራቀመው ውሃ ውስጥ እንዳይነከር በበርሜሉ አፍ ላይ እሰሩት፤ ከተነከረ ማሽኑ ያወጣውን እጣቢ መልሶ ሊስበው ይችላል።