ሾተላይና የጀርባ ክፍተት ለየቅል ናቸው

ሕፃን ጀርባው ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ይዞ ሲወለድ «የባልና የሚስት ደም አልገጠመም» ይባላል። በዚህ ሰበብ ትዳር እስከ መፍታት የደረሱ አይቻለሁ።

ነገሩ ከሾተላይ ጋር ተምታቷል። ሾተላይ የሚመጣው እናት አር ኤች ኔጌቲቭ፣ ፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን ነው፤ የሚጎዳውም የሕፃኑን ደም እንጂ አከርካሪውን አይደለም። መከላከያው ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው አንቲ ዲ መርፌ ነው።

የጀርባ ክፍተት ግን የደሟ ዓይነት ኤ፣ ቢ ወይም ኦ ከሆነችው እናት ሁሉ ይወለዳል። የፅንሱ ኅብለ ሰረሰር የሚገጥመው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙዋ እናት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ! በአራተኛው ወር ለክትትል ሄዳ የምትቀበለው ክኒን ለደም ማነሷ ቢበጃትም ለዚህ አይደርስም። ፎሊክ አሲድ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም፣ ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ እስከ ሦስተኛው ወር ይወሰዳል። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት አሥር እጥፉን፣ 4 ሚሊ ግራም፣ በሐኪም ትእዛዝ ትወስዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ የእንግሊዞች ጥናት ይህ መጠን የመደገሙን አደጋ 72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ፎሊክ አሲድ የተጨመረበት የፋብሪካ ዱቄት ለከተሜው ይደርሰው ይሆናል። የሙጃ ገብስ ግን ከማሳ ወደ ሰፈር ወፍጮ ነው የሚሄደው። ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ ደግ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የወሊድ መከላከያ ልታቆሙ ጤና ኬላ የሄዳችሁ ዕለት ስለ ክኒኑ ጠይቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁም ያኔውኑ ተናገሩ።