የቱቦው አፍ ወዴት ይዞራል?

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ ዳር ተማሪዎቼ ከጁራሲክ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚለቅሙልኝ በአብዛኛው ዛጎል ነው። ባለፈው አንዷ መዳፍ የሚሞላ የኦይስተር ቅርፊት አምጥታ፣ «መምህር፣ ትል ተለጥፎበታል። አብረው ይኖሩ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። ጀርባው ላይ ክር የሚያህል ጠመዝማዛ ቱቦ አለ፤ የባሕር ትል የሠራው ቤት ነው።

ገልብጬ አሳየኋት። ቱቦው ጠርዙን ዞሮ፣ ሥጋው ተኝቶበት ወደነበረው ልሙጥ ፊት ገብቷል። ባለቤቱ በሕይወት እያለ እዚያ ቱቦ የሚሠራ የለም። ትሉ የደረሰው ባዶ ቤት ላይ ነው። ልጅቷን ቅር አላት፤ እኔንም በወጣትነቴ ስንቴ ቅር አሰኝቶኛል! ማዕበልና ደለል የማይተዋወቁትን አንድ ላይ ይቀብራሉ።

ስለዚህ በቻይና ዩናን የተገኙትን ብራኪዮፖዶች ሳስብ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ። ዕድሜያቸው 512 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ብራኪዮፖድ ሁለት ቅርፊቱን ከፈት አድርጎ ውሃ እየሳበ ምግቡን የሚያጣራ እንስሳ ነው። ዚፌይ ዣንግና ባልደረቦቹ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ኒዮቦለስ በተባለው ዝርያ ቅርፊት ላይ ትንንሽ ቱቦዎች ተጣብቀው እንደሚገኙ አሳይተዋል። እዚያው አለት ውስጥ ባሉ ሌሎች እንስሳት ላይ ግን አንድም አልተገኘም። የቱቦዎቹ አፍ የዞረው ውሃው ወደሚገባበት የቅርፊቱ ጠርዝ ነው። ባዶ ቅርፊት ውሃ አይስብም፤ ወደዚያ የሚያዞር ነገርም የለውም።

ከሁሉ የሚነካኝ መጠናቸው ነው። ቱቦ የተሸከሙት ካልተሸከሙት ያነሱ ናቸው። ባለቱቦው የአስተናጋጁን ሥጋ አልበላም፤ ወደ አፉ የሚሄደውን ጉርሻ እየቀደመ ይወስድበት ነበር። ረሃብ አጥንትም ቆዳም በሌለው እንስሳ ላይ፣ ድንጋይ ሆኖ እንኳ፣ በሚሊሜትር ይለካል።

ክሪኖይድ በሚባለው፣ ግንድ ባለው አበባ መሰል እንስሳ ላይ የተቀመጡት ጥንታውያን ቀንድ አውጣዎችም እንዲሁ በሕይወት ሳሉ አብረው የኖሩ ናቸው። የዛጎላቸው ከንፈር የአስተናጋጁን ጎርበጥባጣ ሰሌዳ ተከትሎ ስላደገ ልክክ ብሎ ይገጥማል። በአንድ ቀን እንዲህ መግጠም አይቻልም፤ ዕድሜ ይፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዋ ሁለተኛ ዛጎል ይዛ መጣች። ውስጡ ንጹሕ ነው። ቱቦው በውጭ በኩል ሄዶ ልክ ጠርዙ ላይ አፉን ከፍቷል። በማጉያ መነጽር ደጋግመን አየነው። አንድ ናሙና ብቻ ስለሆነ መለያ ወረቀቱ ላይ «በሕይወት ሳሉ» ብላ ጻፈችና ጥያቄ ምልክት ጨመረችበት።