ከደንገጎ ቁልቁለት እስከ ቀፊራ ቅስት

የድሬዳዋው የቀፊራ ገበያ ቅስታማ በር ሰው ለማስገባት እንጂ ለማገድ የተሠራ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ከገጠር የሚመጡት ኦሮሞና ሶማሌ ነጋዴዎች፣ አህያው፣ ጋሪውና ባጃጁ እዚያው ይጋፋሉ። እዚህ መሐል ቆሞ ስለ ተሽከርካሪ ማገጃ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ድሬ የማትረሳው አደጋ የውኃ ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የወንዙ ዳር በግንብ የተጠናከረው ከዚያ በኋላ ነው።

የመኪናውን አደጋ ግን ጎረቤት ከተማ አይታዋለች። ጥቅምት 19 ቀን 2001 ዓ.ም. ፈንጂ የጫኑ መኪኖች በሶማሌላንዷ ሐርጌሳ ውስጥ የኢትዮጵያን ቆንስላ፣ ቤተ መንግሥቱንና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ቢሮን መቱ። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለድሬ ነጋዴ ሐርጌሳ ሩቅ አገር አይደለችም።

ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ናይሮቢ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የኋላ በር ዘበኛው ዘንጉን አላነሣም አለ። ፈንጂ የጫነው መኪና ግቢ አልገባም፤ እዚያው ደጃፉ ላይ ፈነዳ። 213 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በአጠገቡ የነበሩ ኬንያውያን ናቸው። ዘበኛው ሥራውን ሠርቷል፤ የጎደለው ርቀት ነበር። አሜሪካ በዓመቱ ባወጣችው ሕግ አዲስ ኤምባሲ ከግቢው አጥር 30 ሜትር ገደማ እንዲርቅ አዘዘች።

ማገጃው ራሱ የሚለካው በግጭት ሙከራ ነው። ቤይሩት ላይ በ1976 ዓ.ም. አንድ የጭነት መኪና ካምፕ ጥሶ ገብቶ 241 አሜሪካውያን ወታደሮች ካለቁ በኋላ ደረጃ ወጣለት። ዛሬ ኤም 50 የሚባለውን ደረጃ ለማግኘት 6,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሲገጨው ማቆም አለበት፤ ከሁሉ የላቀውን ውጤት የሚያገኘው ጭነቱ ከ1 ሜትር በላይ ካላለፈው ነው። በየኬላው የምናየው በድንጋይ የተሞላ በርሜል ይህን አይችልም። አስፋልት ላይ የተቀመጠ የኮንክሪት ብሎክም መሬት ውስጥ ካልተተከለ ተንሸራቶ ራሱ ሰው ይጨፈልቃል።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከውድ ብረት በፊት ርካሹ መፍትሔ መንገዱን ማጠማዘዝ ነው፤ መኪናው እንዳይፈጥን።

እኔን ከአሸባሪው ይልቅ የሚያሳስበኝ አይሱዙ ነው። ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የደንገጎን ቁልቁለት የወረደ መኪና ፍሬኑ ግሎ ከተማ ይገባል። የገበያተኛ መሐል ቢገባ ሾፌሩ ክፉ ይሁን እንቅልፋም ለሟቹ ልዩነት የለውም፤ መሬት የያዘ የብረት ምሰሶም ሁለቱንም እኩል ያቆማል።

ጣጣው ሌላ ነው። በምሰሶዎች መካከል የሚመከረው ክፍተት ከ1.2 ሜትር አይበልጥም። የተጫነች አህያ ታልፋለች፤ 1.3 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ባጃጅ ግን ውጭ ይቀራል፤ ዘንቢል የተሸከመችው እናትም ከዚያ ወዲያ በእግሯ ልትሄድ ነው። ለእሳት አደጋ መኪና ሲባል አንዱ ምሰሶ ተነቃይ መሆን አለበት፤ ቁልፍም ይኖረዋል። ሌሊት እሳት ቢነሣ ወይም ደቻቱ ቢሞላ ያንን ቁልፍ ይዞ የሚያድረው ማን ነው?